ዋጋው ከፀጉሩ ነው፦ ስለ አልፓካ እርባታ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሁለት ዋጋዎች ልጀምር። በ2010 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ አንድ ወንድ አልፓካ በ675,000 ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዘመን፣ የአልፓካ አገር በሆነችው በፔሩ፣ አንድ የደጋ አርቢ ከአንድ እንስሳ የዓመት ሽልት የሚያገኘው ገንዘብ አሥር ዶላር አካባቢ ነበር። እንስሳው አንድ ነው፣ ፀጉሩም ያው ነው። እንዲያውም የዓለም ገበያ የሚያውቀው የአልፓካ ፀጉር አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ከአሥር ዶላሩ መንጋ ነው። ታዲያ በሁለቱ መካከል ይህን ሁሉ ርቀት ምን አመጣው?

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ላስረዳ። ለፀጉሩ የሚረባ እንስሳ ዘላቂ መተዳደሪያ የሚሆነው፣ ፀጉሩ ተለይቶ፣ ታጥቦና ተፈትሎ ለባሹ ዘንድ ሲደርስ በሚያወጣው ዋጋ ላይ ሲቆም ነው። አርቢው ከዚያ ዋጋ የራቀ እንደሆነ፣ ባለጸጋ ሆኖ ቢጀምርም ድሃ ሆኖ ቢጀምርም፣ ይጎዳል። አሜሪካዊውም የፔሩ አርቢም የተጎዱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ መንገዳቸው ብቻ ይለያያል።

አልፓካ የግመል ዘመድ ነው። የግመል ቤተሰብ የተነሣው በሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ ከፊሉ ወደ እስያ ተሻግሮ ዛሬ አፋርና ቦረና የምናየውን ግመል አስገኘ፤ ከፊሉ ደግሞ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወደ ደቡብ አሜሪካ ወረደ። በአንዲስ ተራሮች ላይ ሻኛ የሌላቸው አራት ዘመዶች ዛሬ ይገኛሉ። ጓናኮና ቪኩኛ የዱር ናቸው፤ ላማና አልፓካ ለማዳ ናቸው። ላማ ጭነት ይሸከማል፤ አልፓካ ግን በዋናነት ለፀጉሩ እየተመረጠ የመጣ ነው። ሊቃውንት አልፓካ ከየትኛው የዱር ዘመድ እንደወጣ ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረው፣ በ2001 ጄን ዊለርና ባልደረቦቿ ባሳተሙት የዘር ጥናት የቪኩኛ ልጅ መሆኑ ታወቀ። ይህ ለንግዱም ትርጉም አለው። የቪኩኛ ፀጉር በዓለም ላይ ከሚታወቁት ሁሉ እጅግ ከቀጠኑት አንዱ ነውና፣ ቅጥነቱ በአልፓካም ደም ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ማውጣቱና ማጥፋቱ የአርቢው ፈንታ ነው። በፔሩ ሁኒን ግዛት፣ ቴላርማቻይ በሚባለው ዋሻ የተገኙ አጥንቶች የማልመዱ ሥራ ከስድስት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ መጀመሩን ያሳያሉ።

የሚኖርበትን ቦታ በዓይነ ሕሊናችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ፑኖ፣ ኩስኮ፣ አሬኪፓ፣ ዋንካቬሊካ የሚባሉት የፔሩ ግዛቶች ከፍተኛ ሜዳ አላቸው። አልፓካ የሚሰማራው በአብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ አንዳንዱ መንጋ ከራስ ዳሸን ጫፍ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይውላል። እዚያ እህል አይበቅልም፣ ዛፍም የለም። ያለው ጠንካራ የተራራ ሣርና ከበረዶ ግግሩ በሚወርደው ውኃ ዓመቱን ሙሉ የሚረጥብ ጨፌ ነው። መንዝ ጓሳን ያየ ሰው እዚያ ቢደርስ ሣሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛ ጓሳ ከሚመደብበት የሣር ወገን የሆኑ ዝርያዎች በአንዲስም ይበቅላሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከዜሮ በታች አሥራ አምስትና ሃያ ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። ውርጩ ሲበረታ ሣሩ ይቃጠላል፣ ግልገል ይሞታል፣ እናትም ሳይቀር ትሞታለች።

እንስሳው ለዚህ ኑሮ የተሠራ ነው። እግሩ ኮቴ የለውም፤ ሁለት ጣትና ለስላሳ መዳፍ ነው ያለው፤ ጨፌውን ሲረግጥ እንደ ከብት አይቦጫጭቀውም። ሣሩን ጫፍ ጫፉን ይቆርጣል እንጂ ከሥሩ አይነቅልም። በጠጡን የሚጥለው በየሜዳው ሳይሆን መንጋው በጋራ በለየው ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ የግጦሹ ጥገኛ ትል ይቀንሳል፣ እረኛውም ፍግና ማገዶውን ከአንድ ቦታ ይሰበስባል። እርግዝናው አሥራ አንድ ወር ተኩል ገደማ ነው። ሴቷ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፣ መንታ እጅግ ብርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ከረፋዱ ነው፤ ግልገሉ ፀሐይ ሳለ ደርቆ፣ ቆሞ፣ ጠብቶ የሌሊቱን ብርድ እንዲቀበል። አንድ ልጅ በዓመት መውለዷን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ለሒሳብ እንፈልገዋለን።

ወደ ፀጉሩ እንምጣ። ሁለት ዓይነት አልፓካ አለ። ዋካያ የሚባለው ፀጉሩ ቆሞ የሚያብጥ፣ ችፍግ ያለ ነው፤ ከመንጋው አብዛኛው ይኸው ነው። ሱሪ የሚባለው ፀጉሩ እየተገመደ ረዝሞ የሚወርድ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የአልፓካ ፀጉር በተፈጥሮው ከነጭ እስከ ጥቁር፣ በመካከሉም ቡናማውና ግራጫው በየደረጃው ያለበት ሲሆን፣ በንግዱ ሃያ ሁለት ቀለም ይቆጠርለታል። የጥራቱ ዋና መለኪያ ውፍረቱ ነው። የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከ30 ማይክሮን የሚበልጥ ዘለላ ሹራብ ውስጥ ሲገባ ቆዳ ይወጋል፤ ከዚያ በታች እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ዋጋውም ይወጣል። ከ23 ማይክሮን ያልበለጠው በንግድ ስሙ ቤቢ አልፓካ ይባላል። ገዢዎች ብዙ ጊዜ ከግልገል የተሸለተ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ደረጃው የውፍረት ደረጃ ነው፣ ከትልቅ እንስሳም ይገኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው የገንዘብ ነገር ያለው እዚህ ነውና። የአንድ አልፓካ ፀጉር አንድ ዓይነት አይደለም። የጀርባውና የጎኑ ቀጭንና እኩል ነው፤ የደረቱ፣ የሆዱና የእግሩ ወፍራምና ሸካራ ነው። እንስሳው ሲያረጅም ፀጉሩ ይወፍራል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጆንያ ከተጠቀጠቀ፣ ወፍራሙ ቀጭኑን ያበላሸዋል፤ ፈታዩ ሊለየው ስለሚቸገር ሁሉንም በዝቅተኛው ዋጋ ይገምተዋል። ጥሩ ሸላች መጀመሪያ መሬቱን ጠርጎ ሸራ ያነጥፋል፤ ነጮቹን አስቀድሞ ባለቀለሞቹን ያስከትላል፤ የጀርባውን ፀጉር እንደ አንድ ምንጣፍ ሳይበታተን ያነሣና ለብቻው ያስቀምጣል። ጭድ፣ እሾህ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከማዳበሪያ ከረጢት የሚረግፍ የፕላስቲክ ክር እንዳይገባበት ይጠነቀቃል፤ የፕላስቲክ ክር ቀለም አይቀበልምና ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እንጂ ካፒታል አይጠይቅም።

በአሬኪፓ ከተማ ባሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች ልየታው ዛሬም በእጅ ነው። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሽልቱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ እነሱ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ በዓይናቸው እያዩ በውፍረት፣ በርዝመትና በቀለም እየለያዩ በየቅርጫቱ ይጥሉታል። ሥራውን ጠንቅቆ ለማወቅ ዓመታት ይወስዳል። የለመደ ጣት የጥቂት ማይክሮን ልዩነት ይለያል። ከዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚነሣው ዋጋ ከጠረጴዛው በፊት ከነበረው ጋር አይገናኝም። ስለ አልፓካ ኢንዱስትሪ ሲነገር ባለቤቶቹና ነዳፊዎቹ ይጠራሉ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ በፊት ሊጠሩ የሚገባቸው እነዚህ ሴቶች ናቸው።

የአልፓካ ፀጉር ሌላ ጥቅምም አለው። የበግ ሱፍ ብዙ ቅባት አለበት፤ ሲታጠብ ከክብደቱ ብዙ ይቀንሳል። አልፓካ ቅባቱ በጣም ጥቂት ስለሆነ ከታጠበ በኋላም አብዛኛው ይተርፋል፣ ለማጠብም ቀላል ነው። በዘለላው ውስጥ ያሉት ባዶ ክፍተቶች ሙቀት ይይዛሉ። ጉድለቱ ደግሞ እንደ በግ ሱፍ ተመልሶ የመሰብሰብ ጠባይ የሌለው መሆኑ ነው፤ ከእሱ ብቻ የተሠራ ከባድ ሹራብ በጊዜ ብዛት ይለጠጣል። ስለዚህ ፈታዮች ከሜሪኖ በግ ሱፍ ጋር መደባለቅን ይመርጣሉ።

ይህን ጠባይ አጥንቶ ሀብት ያደረገው ሰው እንግሊዛዊው ታይተስ ሶልት ነው። ፀጉሩ ከፔሩ ወደ ሊቨርፑል ወደብ መድረስ ከጀመረ በኋላ የሚፈልገው ባለመኖሩ በመጋዘን ተከምሮ ይቀር ነበር፤ ማሽኖቹ ለበግ ሱፍ የተሠሩ ስለሆኑ ረጅሙንና ሙልጭልጩን ዘለላ መያዝ አልቻሉም። በ1836 ሶልት ክምሩን አየ፤ ወስዶ ሞከረ፤ ከጥጥ ድር ላይ የአልፓካ ማግ በመጣል የሚያብረቀርቅ፣ ቀላልና ጠንካራ ጨርቅ አወጣ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዊንዘር ከነበሯት አልፓካዎች የተሸለተውን ፀጉር ልካ ጨርቅ አሠርታለች። በ1853 ሶልት በዮርክሻየር፣ በኤር ወንዝ ዳር፣ ትልቅ ፋብሪካ ከፈተ፤ በዙሪያውም ለሠራተኞቹ ሶልቴር የሚባለውን ሙሉ መንደር ሠራ። ዛሬ መንደሩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ልብ በሉ፣ ሶልት በአልፓካ የበለጸገው እንስሳውን በማርባት አልነበረም። የእሱ ሀብት የፈትል ዕውቀት ነበር።

በተቃራኒው የእንግሊዛዊውን ነጋዴ የቻርልስ ሌጀርን ታሪክ እዩ። የፔሩ መንግሥት እንስሳው ከአገር እንዳይወጣ ከልክሎ ሳለ፣ ሌጀር መንጋ ሰብስቦ በቦሊቪያና በአርጀንቲና በኩል እየነዳ፣ አንዲስን አሻግሮ ቺሌ ወደብ አደረሰ፤ በ1858 ከ250 በላይ እንስሳት ይዞ ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ገባ። ጉዞው ዓመታት የፈጀ፣ ብዙ እንስሳ ያለቀበት የጀግና ሥራ ነው። ሆኖም መንጋው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሸጦ ተበታተነ። እንስሳው ደርሷል፤ በእንስሳው ዙሪያ ያለው ሌላው ነገር ሁሉ ግን ገና አልደረሰም ነበር።

አሁን ወደ አሜሪካው ጨረታ እንመለስ። አልፓካ ለንግድ ወደ አሜሪካ የገባው በ1984 ነው። በ1988 የዘር መዝገብ ተቋቋመ፤ በ1998 ደግሞ መዝገቡ ከውጭ ለሚመጡ እንስሳት ተዘጋ። ይህን ዓመት በጥንቃቄ ያዙት። በፔሩ በሚሊዮኖች የሚቆጠር አልፓካ እያለ፣ አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበ ዘር ያለው እንስሳ የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ ካለው አርቢ ብቻ ሆነ። ዋጋው ሊወድቅ የማይችል መሰለ። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተነገረ፤ መሬት ገዝቶ፣ ጥቂት ሴት አልፓካ አርብቶ፣ በሰላም መኖር ይቻላል ተባለ። የግብር ሕጉም ለእንስሳ የወጣውን ገንዘብ ከገቢ ላይ ለመቀነስ ይፈቅድ ነበር። አንዲት ጥሩ ሴት አልፓካ ሃያ ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ አወጣች። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ በጡረታ ላይ ያሉ፣ ከከተማ ወጥተው ገጠር ለመኖር የተመኙ ሰዎች ነበሩ። ለእንስሳቱ እውነተኛ ፍቅር ነበራቸው፤ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውንም አፍስሰዋል።

እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ለምሳሌ ያህል በወሰድኩት ቁጥር። አንዲት አልፓካ በዓመት ሦስት ኪሎ ፀጉር ትስጥ፤ ኪሎው በሃያ ዶላር ይሸጥ። ስድሳ ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ድርቆሽ፣ የሽልት ክፍያ፣ ክትባትና መድኃኒት አልተነሣም። ምንም ወጪ ባይኖር እንኳ ሃያ ሺህ ዶላሩን በፀጉር ለመመለስ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ያስፈልጋል። እንስሳዋ የምትኖረው ደግሞ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ዓመት ነው።

ስለዚህ ገዢው ተስፋ ያደረገው ፀጉሩን አልነበረም፤ ግልገሏን ነው። እዚህ ላይ ያ በዓመት አንድ ልጅ ያልነው ነገር ይመጣል። አንዲት እናት በየሁለት ዓመቱ በአማካይ አንዲት ሴት ትወልዳለች፤ የተወለደችውም በሁለት ዓመቷ ገደማ ለመራባት ትደርሳለች። በዚህ ፍጥነት የሴቶቹ ቁጥር በየሦስት አራት ዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ዋጋው እንዳይወርድ የገዢዎችም ቁጥር በዚያው ፍጥነት እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ እያንዳንዱም አዲስ ገዢ ነገ ሻጭ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የግብርና ኢኮኖሚ ምሁራን ቲና ሴይቶንና ሪቻርድ ሴክስተን ጉዳዩን መርምረው፣ የአልፓካ ዋጋ ፀጉሩ ሊሸከመው ከሚችለው እጅግ የራቀ፣ በግምት የተነፋ ዋጋ መሆኑን ዋጋው ገና ሳይወድቅ ጽፈዋል። ሰሚ አላገኙም። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው አገር በኢሙ ወፍ እርባታ ላይ ተመሳሳይ ግለት ተነሥቶ ወድቆ ነበር።

ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ አዲስ ገዢ ጠፋ። ዋጋው ደረጃ በደረጃ ሳይሆን ተንዶ ወረደ። የ2010ሩ የ675,000 ዶላር ሽያጭ ብዙው ገበያ ሲከስም በጫፉ ላይ የቀረ ነበልባል ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሃያ ሺህ ዶላር የተገዙ እንስሳት በጥቂት መቶ ዶላር፣ አንዳንዴም «መጥታችሁ ውሰዱልን» እየተባሉ በነጻ ይሰጡ ጀመር። እኔ ይህን እርባታ ብዬ ልጠራው አልችልም። መንጋ ነበር፣ በረት ነበር፣ ድርቆሽ ነበር፤ የሚሸጠው ግን የነገው ገዢ ተስፋ ነበር።

የተረፉትስ? ተርፈዋል፤ ስለ እነሱ መናገር ደስ ይለኛል። በየዓመቱ የሚሸልቱትን ፀጉር በጋራ ሰብስበው ለትልቅ ፈታይ የሚልኩ አሉ። ሌሎች በትንንሽ መፍተያዎች ይጠቀማሉ። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚሆኑ ትንንሽ ማሽኖች በካናዳዋ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ይሠራሉ፤ ፀጉሩን የሚያጥብ፣ የሚበጥር፣ ሸካራውን ዘለላ ከቀጭኑ የሚለይ፣ የሚፈትልና የሚገምድ ሙሉ ተከታታይ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ሊያስኬደው ይችላል። አርቢው የጀርባውን ቀጭን ፀጉር ክር ያደርገዋል፤ የአንገቱን ለካልሲ፤ የእግሩንና የሆዱን ሸካራ ለምንጣፍና ለጫማ ውስጥ ንጣፍ። በጠጡን እንኳ ለአትክልተኞች ይሸጣል። ኪሎው ፀጉር በጥሬው የሚያወጣውና በጥንድ ካልሲ መልክ የሚያወጣው ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሀብታም አያደርግም። ነገር ግን ሒሳቡ ይዘጋል፤ እንስሳው በዝቅተኛ ዋጋ የተገዛ ስለሆነ።

ሥራው ዕውቀት እንደሚጠይቅም መደበቅ አይገባም። በምሥራቅ አሜሪካ ነጭ ጭራ ካለው አጋዘን የሚመጣ ትል የአልፓካን ሕብለ ሰረሰር ያጠቃል፤ ብዙ አርቢዎች በየወሩ መርፌ ይወጋሉ። ከተራራው ጠራራ ፀሐይ ወርዶ ደመናማ ክረምት በሚረዝምበት አገር ሲኖር ቫይታሚን ዲ ያንሰዋል፤ የግልገሉ አጥንት ይጣመማል። ሙቀት በሚበረታበት ቦታ በወቅቱ ካልተሸለተ ይሞታል። ብቻውን ማኖር አይቻልም፤ የመንጋ እንስሳ ነው። ውሻ ከገባበት መከላከያ የለውም። ወንድ ግልገል በጡጦ ብቻ አድጎ ሰውን እንደ አልፓካ ከቆጠረ፣ ሲያድግ ሰው ላይ የሚወጣ አደገኛ ይሆናል።

አሁን ወደ አሥር ዶላሩ ሰው እንሂድ፤ የዛሬው ንግግሬ ልብ እሱ ነው። ከዓለም አልፓካ ከአምስት አራቱ ያህል የሚገኘው በፔሩ ነው። አብዛኛው በትንሽ አርቢዎች እጅ ነው፤ ብዙዎቹ ኬችዋና አይማራ ተናጋሪዎች ናቸው። ከመንገድ ሩቅ ይኖራሉ። የሽልት ወቅት ሲደርስ ደላላው ይመጣል፤ ሚዛኑን ሰቅሎ ሁሉንም በጅምላ ይመዝናል። ቀጭኑም ወፍራሙም፣ የጀርባውም የሆዱም አንድ ዋጋ ነው። ደላላው ለሌላ ደላላ፣ ያም ለአሬኪፓ ፋብሪካ ያስረክባል። ልየታው የሚደረገው እዚያ ነው፤ ከልየታው የሚወጣው ትርፍም እዚያው ይቀራል።

የጅምላ ሚዛን የሚያደርሰው ጉዳት ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሚከፈለኝ በክብደት ከሆነ፣ ለእርባታ የምመርጠው ወንድ ብዙ ፀጉር ያለውን ነው። ብዙ የሚመዝን ፀጉር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ነው። እንዲህ እየሆነ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ፣ ከቪኩኛ የተወረሰው ቅጥነት ከመንጋው እየወጣ ሄደ። አርቢው አላዋቂ ስለነበረ አይደለም፤ ዋጋው የነገረውን ነው ያደረገው። ቀለሙም እንዲሁ ነው። ፋብሪካዎች ነጭ ፀጉር ማንኛውንም ቀለም ይቀበላል ብለው ለነጩ የተሻለ ስለከፈሉ፣ ጥቁሩ፣ ግራጫውና ቡናማው እየተመነመነ መጣ። የፔሩ የግብርና ምርምር ተቋም ባለቀለሞቹ ጨርሰው እንዳይጠፉ በፑኖ ኪምሳቻታ በሚባል ጣቢያ መንጋ ለይቶ ያቆያል። ዛሬ የውጭ ገበያ ያልተነከረ የተፈጥሮ ቀለም መፈለግ ሲጀምር፣ ለዘመናት በነጻ ይገኝ የነበረው ሀብት በጣቢያ የሚጠበቅ ሆኖ ተገኘ።

በሌላ መንገድ መሄድ እንደሚቻል ያሳየ ሰው ነበር። በፑኖ ግዛት ማኩሳኒ አጠገብ፣ አኮዮ በሚባለው እርባታ፣ ዶን ሁሊዮ ባሬዳ ዕድሜውን ሙሉ ቅጥነትንም ብዛትንም በአንድ እንስሳ ላይ ለማገናኘት እየመረጠ አረባ። በትዕግሥት፣ መንጋውን አንድ በአንድ እያየ። የአኮዮ ዘር ስሙ እስከ አሜሪካና አውስትራሊያ ደረሰ። ቀጭን ፀጉርና ብዙ ፀጉር አይገናኙም ይሉ ለነበሩት መልስ ሆነ።

ለትንሹ አርቢ ግን ከዘር መረጣው በፊት የሚመጣው የሚዛኑ ነገር ነው። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ በፔሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የራሳቸውን መሰብሰቢያ ጣቢያ ከፍተዋል። አርቢው ሽልቱን አምጥቶ ያስረክባል፤ የሠለጠነች ለያይ እዚያው በፊቱ በደረጃ ትከፍለዋለች፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ የተለያየ ዋጋ ይከፈለዋል። አርቢው የትኛው እንስሳው የቀጠነ ፀጉር እንደሚሰጥ በዓይኑ ያያል፤ በሚቀጥለው ዓመት የትኛውን ወንድ እንደሚያስቀር ያውቃል። የመንግሥት ስብከት ብዙ ዓመት ያላመጣውን ለውጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ዋጋ ያመጡታል። የዓለም ዋጋ ሲወድቅ ማኅበራቱም ይቸገራሉ፤ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ገበያውን ሲዘጋ ብዙ ፀጉር በመጋዘን አደረ። የበረዶ ግግሩም እየሸሸ፣ ጨፌው እየደረቀ ነው፤ ይህን ልየታ አያድነውም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላላችሁ አንድ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ «አልፓካ ወደ እኛ ደጋ ብናመጣስ?» ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ከፍታው ይስማማል፣ ሣሩም ሊስማማ ይችላል። ነገር ግን ከሌላ አህጉር እንስሳ ማስገባት የበሽታ ስጋት አለው፤ ሕመሙን የሚያውቅ ሐኪም፣ ክትባቱ፣ ሸላቹ፣ ፈታዩ ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። ሌጀር ሲድኒ ሲደርስ የጠበቀው ይኸው ነበር። እኔ አልመክርም።

የምመክረው ሌላ ነው። መንዝ በግ አለ። ብርዱን የለመደ፣ ሱፍ የሚሰጥ፣ የእኛው በግ ነው። ሱፉ ሸካራ ነው፤ ለአንገት ልብስ አይሆንም፤ ለባና፣ ለዝተት፣ ለበርኖስና ለምንጣፍ ግን ለትውልዶች ሲያገለግል ኖሯል። በደብረ ብርሃንና በአመድ ጓያ የበግ ማራቢያ ጣቢያዎች አዋሲ ከሚባል የውጭ በግ ጋር እየተዳቀለ ለማሻሻል ተሞክሯል። ገበሬው ግን በጉን የሚሸጠው ለሥጋ ነው፤ ሱፉ በዋጋው ውስጥ እምብዛም አይቆጠርም። ጥቁሩና ነጩ፣ የጀርባውና የሆዱ ተለይቶ ሁለት ዋጋ እስካልተከፈለው ድረስ ለሱፉ ብሎ በግ የሚመርጥበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ አንድ የምንጣፍ ሠሪዎች ማኅበር ቢኖርና ከእናንተ መካከል የሚረዳው ቢነሣ፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው አዲስ ዘር አይመስለኝም። የሚያስፈልገው በሽልት ወቅት በገበያ ቀን የሚዘረጋ ንጹሕ ሸራ፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ ሱፉን በጣቷ የምታውቅ አንዲት ፈታይ፣ እና በግልጽ ተጽፎ የሚለጠፍ የደረጃ ዋጋ ነው። ፈታይዋ ለልየታዋ በኪሎ ይከፈላት፤ ገበሬው የእያንዳንዱን በግ ሱፍ ለብቻው አስሮ ያምጣ፤ የማን በግ ምን ያህል እንደሰጠ በደብተር ይጻፍ። በሦስተኛው ዓመት ደብተሩን ገልጦ የትኛው አውራ በግ ለዘር ይቅር የሚለውን መነጋገር ይቻላል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ቀሪው ሰዓት የእናንተ ነው።